የጠፋው ሰማንያ አራት ዋት

እህቴ ሙቀት መለኪያውን ካነበበች በኋላ መጀመሪያ የምታየው እንቁላሎቹን አይደለም፤ በሩን ነው። ከበሩ ቀጥላ እኔን ታያለች። ከእኔ ቀጥላ ግድግዳውን። ግድግዳውን ስታይ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረውን ሴት እያየች እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

«ሠላሳ ስድስት» አለች። «ዛሬም ሠላሳ ስድስት። ስንት ነበር መሆን ያለበት?»

«ሠላሳ ሰባት ተኩል።»

«ታዲያ አንድ ተኩሉ የት ገባ? እግር አወጣ?»

«ብርድ ነው እታለም። ወቅቱ ራሱ...»

«አምና ብርድ አልነበረም? አምና በብርዱ አላስፈለፈልኩም? እጅ አለበት እልሃለሁ፤ የሰው እጅ!»

መፈልፈያው የቀድሞ ፍሪጅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያቀዘቅዝ ኖሮ በስተርጅና አሙቅ ተባለ። ጋሼ፣ የእህቴ ባል፣ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ ጣለና ቆርቆሮ ሠሪው የጠመጠመለትን የማሞቂያ ሽቦ፣ ሰው ሁሉ «ሬዚስታንስ» የሚለውን፣ ከሥር ገጠመበት። ትንሽ ማራገቢያና ውስጡን የምናይባት አንዲት ሚጢጢ አምፖል ጨመረበት። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ውጤቴ ከዚህ በር ወዲያ ስላላሻገረኝ የመፈልፈያው ሞግዚት ሆኛለሁ። እንቁላል አገላብጣለሁ፤ ውሃ እጨምራለሁ፤ የቀረውን ጊዜ በርጩማ ላይ ተቀምጬ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አያለሁ። «ይሄ ልጅ በዓይኑ ሊፈለፍላቸው ነው» ትላለች እህቴ። እውነትም አንዳንዴ በዚያች ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ የተደረደሩት እንቁላሎች ከላይ ሲያዩት የአንድ ከተማ ጣሪያ ይመስሉኛል፤ ገና ሰው ያልገባበት ከተማ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዙር ነው። ቀኑ ደርሶ መፈልፈያውን ስንከፍት የወጡት ጫጩቶች በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። የቀሩት ቅርፊታቸውን ሳይሰብሩ እዚያው አልቀዋል። እህቴ አንዱን ሰበረችና ላባ ያበቀለውን ጫጩት በመዳፏ ይዛ ቆመች። አላለቀሰችም። «ማነው?» አለች። «ምንድን ነው?» አይደለም ያለችው፤ «ማነው?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ጥያቄው ይኸው አንድ ብቻ ሆነ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ቆርቆሮ ሠሪው ነው፤ ቀጭን ሽቦ ጠምጥሞ አታሎናል ተባለ። ቀጥሎ እኔ፤ ቁጭ ብዬ ሳልም መፈልፈያውን ከፍቼ ትቼዋለሁ ተባልኩ። ሦስተኛዋ ግን ከመጣች በኋላ አልሄደችም።

ከመፈልፈያው ክፍል ጀርባ፣ በአንድ ግድግዳ ተዋስና፣ ልብስ ሰፊዋ ትኖራለች። የጋሼ ሟች ወንድም ሚስት ናት። እኔ አክስቴ እላታለሁ። እህቴ በደጉ ጊዜ «እህት ዓለም» ነበር የምትላት፤ በዚያ ሰሞን «ያቺ ከኋላ ያለችው» ሆናለች። አክስቴ ምላሷ እንደ መቀሷ ነው። ጋሼን «ሁሉ አወቅ» ብላ ስም ያወጣችለት እሷ ናት፤ ሰፈሩም ተቀብሎ አጸደቀው። ጋሼ የጭነት መኪና ሹፌር ቢሆንም ሠራተኛ ቀጥሮ አያውቅም። የቤቱን ጣሪያ የመታው እሱ፣ ቧንቧውን የዘረጋው እሱ፣ ኮረንቲውን የሳበው እሱ። ጣሪያው በአንድ ጥግ ያፈሳል፤ እሱ ግን «ያ ጥግ መተንፈሻ ነው» ይላል።

የሙቀቱ ነገር ሲከፋ ጋሼ ቴስተሩን ይዞ መጣ። ቴስተር ኮረንቲ የምንለካባት ባለ ሁለት ጭራ ሣጥን ናት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ስለሆነ የመፈልፈያውን መሰኪያ ነቀለና የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በቦታው ሰካ።

«ሁለት መቶ ሃያ ቮልት!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «መሆን ያለበት እሱው ነው፤ አንዲት አልጎደለችም። ኮረንቲው ጤነኛ ነው። ሽቦ አይሰርቅም፤ የሚሰርቅ ሰው ነው።»

«ማን እንደሆነ ታውቀዋለህ» አለች እህቴ ግድግዳውን እያየች።

«ዝም በይ፤ በማስረጃ ነው የምንሄደው።»

ማስረጃው ግን ሳይጠሩት ይመጣ ነበር። አክስቴ ድሮ በሯን ገርበብ አድርጋ ነበር የምትሰፋው፤ ብርዱ ከገባ ወዲህ ከውስጥ ትቆልፋለች። የስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር አንስታ ግድግዳው ጥግ አስጠጋችው፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለች። መስኮት በሌለበት ግድግዳ ላይ መጋረጃ! ሁላችንም ሹራብ ደራርበን ስንንቀጠቀጥ እሷ እጅጌዋን ጠቅልላ ትወጣለች። ከሁሉ የባሰው ድመቷ ናት። ኩሽና ውስጥ ያደገች፣ እህቴ ከእጇ የምታጎርሳት ድመት፣ ጓዟን ጠቅልላ አክስቴ ዘንድ ገባች።

«ድመት ያለ ምክንያት ቤት አትቀይርም» አለች እህቴ። «ያቺ ሴት እሳት አላት።»

ካውያዋን ወሰዱባት። ጋሼ ራሱ ሄዶ «ለጥቂት ቀን ለምርመራ» ብሎ ተቀበላት። አክስቴ የሰው ልብስ በእጇ እያሸች ታጥፍ ጀመር። መፈልፈያው ግን ሠላሳ ስድስት ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ይሄ ነፃ የሚያወጣት መስሎኝ ነበር።

«ይኸው!» አለች እህቴ። «በካውያው ካልሆነ ሌላ ነገር አላት ማለት ነው።»

ጋሼ የቤቱን መብራት ሁሉ አጥፍቶ፣ መፈልፈያውንም ነቅሎ፣ ውጭ ያለው ቆጣሪ ሥር ቆመ። የቆጣሪው መዘውር ቀጥ አለ። ማንም ምንም እየሳበ አይደለም።

«አየሽ፣ ሰላም ነው» አልኳት ለእህቴ።

«አይታን አጥፍታው ነዋ! አንተ ደግሞ፣ ሌባ መብራት ሲጠፋ ቆሞ ይጠብቃል?»

ተጠራጣሪ ሰው እንዲህ ነው። ምስክር ቢያገኝ ምስክር፤ ምስክር ቢያጣ ተደብቋል።

ሰኞ ዕለት ጋሼ ለአክስቴ ወንድም ደወለለት። «ቅዳሜ ጋሪ ይዘህ ና፤ እህትህን ውሰድ» አለው፤ ስልኩን የያዘው በረንዳ ላይ ቆሞ፣ እሷ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። የወንድሟን ቤት አውቀዋለሁ። ልጆቹ ራሳቸው እንደ ማገዶ ተደራርበው ነው የሚተኙት። የስፌት መኪናዋ የሚቆምበት ቦታ የለም፤ መኪናዋ ካልቆመች ደግሞ እሷም አትቆምም። ከጋሼ ጋር የማትከራከርበት ቀን አልነበረም። ያን ቀን ግን የመኪናዋ ድምፅ ብቻ ለአፍታ ቆመና ቀጠለ።

እኔም ተጠራጠርኩ፤ ምን እደብቃለሁ። በማግሥቱ ቧንቧው ዘንድ ባልዲ ደቅኜ ቆሜ ሳለ ዓይኔ በመስኮቷ ገባ። አክስቴ መጋረጃውን ገልጣ፣ ሁለት መዳፎቿን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ግንባሯንም አስደግፋ ቆማለች። ዓይኗ ተጨፍኗል። የምትጸልይ ትመስላለች፤ ወይም ከግድግዳው ወዲያ የሚባለውን የምታዳምጥ። ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ ድምፁን ሰማችና ዘወር አለች። ተያየን። መጋረጃውን ለቀቀችው፤ ከዚያ የመስኮቱንም ዘጋች። ምንም የሌለበት ሰው እንዲህ አይደነግጥም ብዬ አሰብኩ።

ተመልሼ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። እንቁላል የማገላበጫው ሰዓት ስለነበር፣ ሬዚስታንሱ እጄን እንዳይለበልበኝ፣ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቁልፍ ወደ ዜሮ መለስኩት። ቀጭ አለ። ወዲያው ውስጥ ያለችው ሚጢጢ አምፖል ቦግ አለች።

ሁልጊዜ ነው እንዲህ የምታደርገው። ስንት ጊዜ እንዳየኋት እኔ ነኝ የማውቀው። አንዳንዴ እንቁላሎቹ የሚተነፍሱ ይመስለኝና ደስ ይለኛል። የዚያን ቀን ግን ሌላ ነገር መጣብኝ፤ አምና እንዲህ አታደርግም ነበር። ቁልፉን አዞርኩት፤ ቀጭ፤ አምፖሏ ፈዘዘች። መለስኩት፤ ቀጭ፤ ቦግ አለች። ሬዚስታንሱ መሳብ ሲጀምር አምፖሏ ታንሳለች። ለምን? የሚደርሳት ቮልት ስለሚያንስ ነዋ!

ታዲያ የጋሼ ሁለት መቶ ሃያስ?

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሶኬቱ አንድ ነው። ቴስተሩን ለመሰካት መፈልፈያውን መንቀል ግድ ነው። ሁልጊዜ የለካነው ሬዚስታንሱ በማይስብበት ሰዓት ነው። ሸክሙን ካወረደ በኋላ ተሸካሚውን «ወገብህ ደኅና ነው ወይ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ደኅና ነኝ ይላላ!

ጋሼ መኪና ይዞ ወጥቷል። ቴስተሩን ከመሳቢያው አወጣሁት። መሰኪያውን ነቅዬ የመፈልፈያውን የታች ክዳን ከፈትኩ፤ ሽቦው ከሬዚስታንሱ ጋር የሚታሰርባቸው ሁለት ብሎኖች ታዩኝ። ብሎኖቹ ላይ የቴስተሩን ጫፎች አያያዝኩና እጄን አርቄ መልሼ ሰካሁት። አምፖሏንና ማራገቢያውን አጥፍቼ ቁልፉን አዙሬዋለሁ፤ የሚስበው ሬዚስታንሱ ብቻ ነው።

መቶ ዘጠና ስምንት።

ሃያ ሁለት ቮልት በመንገድ ቀርቷል።

እንደገና ነቅዬ አንዱን ሽቦ ፈታሁና ቴስተሩን መሀል አስገባሁት፤ ኮረንቲው በእሱ አልፎ እንዲሄድና ስንት እንደሚያልፍ እንዲቆጥርልኝ። አንድ ነጥብ ስምንት አምፔር አለ። እንግዲህ ሁለት ቁጥር ያለው ሰው ሌላውን አያጣም። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ገለበጥኩና ጀርባው ላይ ማካፈል ጀመርኩ።

ቮልቱ ገፊው ነው፤ አምፔሩ ተገፍቶ የሚያልፈው ነው፤ ኦም ደግሞ የሽቦው እምቢታ ነው። ገፊውን ላለፈው ስታካፍለው እምቢታው ይወጣል። መቶ ዘጠና ስምንትን ለአንድ ነጥብ ስምንት ባካፍል መቶ አሥር ኦም ሆነ። ቆርቆሮ ሠሪው በምስማር ጭሮ የጻፈው እዚያው ጎኑ ላይ አለ፤ «220 ቮልት፣ 440 ዋት»። አራት መቶ አርባ ዋት በሁለት መቶ ሃያ ቮልት ሁለት አምፔር ነው፤ ሁለት መቶ ሃያን ለሁለት ባካፍል እሱም መቶ አሥር። መቶ አሥርና መቶ አሥር። ምስኪን ቆርቆሮ ሠሪ! በእሱ ስም ስንት ነገር አልተባለም?

ቀጠልኩ። ቮልቱን በአምፔሩ ስታበዛው ዋቱን፣ ማለት ሙቀት የሚሆነውን ጉልበት ታገኛለህ። መቶ ዘጠና ስምንት ሲባዛ በአንድ ነጥብ ስምንት ሦስት መቶ ሃምሳ ስድስት ገደማ ነው። መሆን የነበረበት አራት መቶ አርባ። ሰማንያ አራት ዋት የለም።

በመንገድ የቀረውስ? ሃያ ሁለት ቮልት በዚያው በአንድ ነጥብ ስምንት አምፔር አበዛሁት። አርባ ዋት፤ ጥቂት ፈሪ። እርሳሱን አስቀመጥኩ። አርባ ዋት አንድ የድሮ አምፖል ነው፤ በጣት የማይነካ። እዚህ ቤት ውስጥ፣ የሆነ ቦታ፣ ማንም የማያየው አንድ አምፖል በርቷል ማለት ነው።

የጋሼን ሽቦ በዓይኔ ተከተልኩት። ከቆጣሪው ተነስቶ በጣሪያው ሥር ይመጣል፤ ከዚያ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ያ ግድግዳ የእኔና የአክስቴ ክፍል የሚዋሰኑበት ነው። መዳፎቿ የተለጠፉበት። ሽቦውን ውስጥ ለውስጥ ቀጥላው ቢሆንስ? ይቺ ክር የምትቀጣጥል ሴት?

ሂሳቡ ገና አላለቀም ነበር፤ አፌ ግን ቀደመ። እህቴ ለጫጩቶቹ ሣጥን እየጠረገች ነበር።

«እታለም፣ ሰማንያ አራት ዋት ጠፍቷል።»

መጥረጊያዋን ጣለችው። «ስንት?»

«ሰማንያ አራት። ግን ቆይ፣ ገና...»

«ሰማንያ አራት! አላልኩም? አላልኩም ወይ!» ቁጥር ስትሰማ ጥርጣሬዋ አጥንት አበቀለ። ጋሼ በዚያው ቅጽበት መኪናውን አቁሞ ሲገባ ክንዱን ይዛ ጎተተችው። እኔ ካርቶኔን ይዤ ከኋላ ከኋላ ሮጥኩ።

ጋሼ የአክስቴን በር ደበደበው። «ክፈቺ!»

«ቀስ በል ሁሉ አወቅ» አለች ከውስጥ። «በሩም ያንተ ሥራ ነው፤ ይወድቃል።»

ከፈተች። የተሰፋና ያልተሰፋ ልብስ በየጥጉ ተቆልሏል። ልብሷን ለቅዳሜው በጆንያ አስራ አስቀምጣለች። እህቴ ሰላምታም አልሰጠች፤ ቀጥ ብላ ሄዳ መጋረጃውን ገነጠለችው። ድመቷ ከሥሩ ዘላ ወጣች። እህቴ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈችና እንደተነደፈች መልሳ ሰበሰበችው።

«ትኩስ ነው!»

ጋሼም ነካው። «ኧረ ይፋጃል! ግድግዳዬ ውስጥ እሳት ቀብራለች!»

«አሁን ምን ትያለሽ?» አለች እህቴ። «ጫጩቶቼን የፈጀሽው አንቺ አይደለሽም? ተናገሪ!»

አክስቴ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ጣቶቿን አየኋቸው፤ አንጓዎቻቸው አብጠዋል።

«ሞቆ ነው ያገኘሁት» አለች። «ብርዱ ሲገባ እነዚህ እንጨቶች አልታጠፍ አሉኝ። መርፌ እይዛለሁ፣ ይወድቃል። ክር አስገባለሁ፣ አይገባም። አንድ ቀን ድመቷ እዚያ ግድግዳ ላይ ጀርባዋን ስታሽ አየኋት። እጄን ባሳርፍ ሙቅ። ትንሽ አቆየዋለሁ፣ ጣቴ ይፈታል፣ እሰፋለሁ። ይኸው ነው።»

«ይኸው ነው? ከየት መጣ ብለሽ አልጠየቅሽም?»

«ሙቀት ሲመጣ ከየት መጣህ ይባላል እንዴ? ብናገር መቼም አትተዉልኝም። ካውያዬን እንኳ አልተዋችሁም። ስለዚህ ቆለፍኩበት። እንደ ሌባ መቆለፌንማ እኔም አውቄዋለሁ።»

«አመነች!» አለ ጋሼ። «ሰማችሁ? በገዛ አፏ!»

«ያመነችው መሞቋን ነው እንጂ መስረቋን አይደለም» አልኩ። ድምፄ ከእኔ የወጣ አልመሰለኝም። ጋሼም ዘወር ብሎ ሌላ ሰው የገባ መስሎት በሩን አየ።

ግድግዳው ላይ ያለችው ትኩስ ቦታ ከአንድ ሰሐን አትበልጥም። ያቺን ሳይ ነበር የቀረው ሂሳብ ያለቀው። በአክስቴ ክፍል የሚሞቅ ነገር ቢኖር እሷ ስታበራው ይሞቃል፣ ስታጠፋው ይበርዳል፤ ከእኔ ሬዚስታንስ ጋር ምን አገናኘው? ሃያ ሁለቱ ቮልት ግን የሚጠፋው የእኔው ሬዚስታንስ ሲስብ ብቻ ነው። ሶኬቱ ሥራ ሲፈታ ምንም አይጠፋም። ስለዚህ የሚሰርቅ ቅጥያ አይደለም፤ ኮረንቲው ወደ መፈልፈያው ሲሄድ ተጨናንቆ የሚያልፍበት ጠባብ በር ነው። ሃያ ሁለት ለአንድ ነጥብ ስምንት፣ አሥራ ሁለት ኦም። ጤነኛ ሽቦ ላይ አሥራ ሁለት ኦም ምን ይሠራል?

«መፈልፈያውን እንንቀለው» አልኩ። «እዚሁ ቁጭ ብለን ግድግዳውን እንያዝ። ከበረደ ሙቀቱ የኛው ነው። ስንሰካው መልሶ ከሞቀ ደግሞ ሌባው ግድግዳው ውስጥ ነው፤ ሰው አይደለም።»

«እንቁላሎቼን ልትገድል!»

«ፍሪጅ እኮ ነው እታለም፤ ከዘጉት ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ዶሮዋስ ብትሆን ልትበላ ስትነሳ ማን ይታቀፍላታል?»

ሮጬ ነቀልኩትና ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሳስበው አሁንም ያስቀኛል። አራታችን በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተፋጠን ተቀመጥን። እህቴ አክስቴን ትጠብቃለች፤ እጇ ወደ ኪሷ እንኳ እንዳይሄድ። ጋሼ በየመሀሉ ይነሳና ግድግዳውን እንደ ታማሚ ግንባር ይዳስሳል።

«እንዴት ነው?» ትላለች እህቴ።

«አለ ገና።»

አክስቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ድመቷን ታያለች። «አይዞሽ» ትላታለች፤ «አንቺንም ይመረምሩሻል።»

ጋሼ ሲነሳ፣ ሲቀመጥ፣ ሲነሳ፣ በመጨረሻ መዳፉን ግድግዳው ላይ አቆየው። ወዲያ ወዲህ አዛወረው። እህቴ ገፋ አድርጋው በእጇ ጀርባ ነካችው።

«በርዷል» አለች፤ ደስ ያላት አትመስልም።

መፈልፈያውን ሰካሁት። አሁን እህቴና ጋሼ ቆሙ። ሻይ ለማፍላት የሚበቃ ጊዜ ሳይሞላ ግድግዳው ለብ አለ፤ ከዚያ ሞቀ። አክስቴ ከበርጩማዋ አልተነሳችም።

«ከውጭ የምታዘው ሰው ቢኖራትስ?» አለች እህቴ ቀስ ብላ።

«አዎ፣ ድመቷ ትታዘዘኛለች» አለች አክስቴ።

«ልስኑን እናፍርሰው» አልኩ።

ጋሼ ግድግዳው ፊት ቆሞ እጆቹን ዘረጋ። «ግድግዳዬን? በፍጹም! እዚህ ውስጥ ያለው የኔ ሥራ ነው። አውቀዋለሁ። እንዴት አድርጌ እንደቀበርኩት አውቀዋለሁ።» ሲናገር ግን ከኔ ጋር ዓይን ለዓይን አልተገናኘም፤ ያን ጊዜ እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን አየችው። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። በሩን፣ እኔን፣ ግድግዳውን ስታይ የከረመችበት አስተያየት ነው። አሁን ተራው የባሏ ሆነ።

«ምን ያስፈራሃል?» አለችው።

«ምንም!»

«እንግዲያው ዞር በል።»

ኮረንቲውን ከቆጣሪው ሥር አጠፋሁት። መዶሻውን የያዘችው እህቴ ራሷ ናት። ልስኑ በሁለት ምት ረገፈ፤ ቀድሞውኑ ተሰነጣጥቆ ነበር። ከውስጥ የወጣው ሽታ የተቃጠለ ጎማ ነው። ሁለት ሽቦዎች፣ አንዱ መዳብ፣ አንዱ አሉሚኒየም፣ እንደ ሴት ልጅ ሹሩባ በእጅ ብቻ ተገምደዋል። የተጠቀለለባቸው ፕላስቲክ ቀልጦ ወርዷል። መጋጠሚያው ጠቁሯል፤ በጣቴ ስነካው ተፈታ፤ ተጨባብጠው ሳይሆን ተነካክተው ነበር የከረሙት። አክስቴ መጋረጃዋን ከመሬት አንስታ ገለበጠችው። በዚያ ቦታ ትይዩ ጨርቁ ቡና ዓይነት ሆኗል፤ በጥፍሯ ብትጭረው ተፈረፈረ።

ክፍሉን ሞልቶ የተቆለለውን ልብስ ሁላችንም አየነው።

«ይሄን ማን ቋጠረው?» አለች እህቴ በመጨረሻ።

«መዳቡ... መዳቡ ያን ቀን አልቆብኝ...» አለ ጋሼ።

«ማነው ነው ያልኩህ!»

«ሁሉ አወቅ ነዋ» አለች አክስቴ፤ ከዚያ ሳቋ መጣ። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረና በመጋረጃዋ ፊቷን ሸፈነች።

ጋሼ በበነጋው ከቆጣሪው እስከ መፈልፈያው አንድ ወጥ መዳብ ሳበ። ለካሁት፤ ሬዚስታንሱ እየሳበ ማለቴ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ ቮልት፣ ሁለት አምፔር። ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት ተኩል ገባ፤ ቁልፉም እንደ አምና ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። የአክስቴ ወንድም ቅዳሜ ጋሪውን እየገፋ ከች አለ። ጋሼ በረንዳው ላይ ቆሞ ጋሪውን አየና «ፍርስራሹን ውሰድልን» አለው። ሰውየው እህቱን ሊወስድ መጥቶ አፈርና ጡብ ጭኖ ሄደ። ካውያው ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ግድግዳው ግን ቀዘቀዘ። አዲሱ ልስን እንደ ወንዝ ድንጋይ ሆነ። አክስቴ ጠዋት ጠዋት እጇን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ስትቀመጥ በመስኮቱ አያት ነበር። ነፃ ወጥታ በረዳት።

ጫጩቶቹ ወጡ፤ ከባለፈው እጅግ የተሻለ፣ እህቴ ከተመኘችው ያነሰ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙቀት ካላገኙ ተደራርበው ይሞታሉ፤ ከቤቱ ክፍሎች ደግሞ ነፋስ የማያስገባው የአክስቴ ብቻ ነው። እህቴ ሣጥኑን ይዛ በሯ ላይ ቆመች። ይቅርታ የሚባል ነገር ካፏ አይወጣም፤ ተፈጥሮዋ ነው።

«ድመቷን ካወጣሽልኝ...» አለች።

«አስገቢው» አለች አክስቴ። «መኪናዬ ሥር ይሁን።»

አምፖሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አርባ ዋት። ሣጥኑ ላይ ወንፊት ሽቦ ገጠምኩበት፤ አክስቴ ክር ከማስገባቷ በፊት መዳፎቿን እዚያ ላይ ታሳርፋለች፤ ከታች ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ። አሁን በሯ ገርበብ ብሎ ነው የሚውለው። ድመቷ ደፉ ላይ ተኝታ ፍርዱን ትጠብቃለች።

እህቴ በየጠዋቱ ለጫጩቶቹ እህል ይዛ ትገባለች። ሰላም ትላታለች፤ «እህት ዓለም» ማለትም ጀምራለች። ልትወጣ ስትል ግን እግሮቿ በዚያ ግድግዳ በኩል ይዞራሉ፤ እንደ ዘበት የእጇን ጀርባ ልስኑ ላይ ታሳርፋለች። ከዚያ ወደ እኔ ትመጣለች።

«ሰማንያ አራት ጠፋ ብለህ ነበር?»

«ብዬ ነበር።»

«አርባው ግድግዳው ውስጥ ተገኘ።»

«ተገኘ።»

«አርባ አራቱስ?»

ስንት ጊዜ አስረድቻታለሁ! መጋጠሚያው መንገዱን ስላጠበበው ኮረንቲው ራሱ አነሰ፤ ያ አርባ አራት ዋት ከቆጣሪው አልፎ አልመጣም፤ ማንም አልወሰደውም፤ አልነበረም እላታለሁ። ካርቶኑን አምጥቼ አሳያታለሁ። ማባዛቱን አንድ በአንድ ትከተለኛለች፤ ራሷን ትነቀንቃለች፤ የገባት ይመስለኛል።

«ያልመጣ ነገር እንዴት ይጎድላል?» ትላለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ፣ በረንዳው ላይ ሬዲዮ ፈታቶ የሚጠግነውን ባሏን ታየዋለች።